የቁሓ አየርና የጃንጥላ ዝላይ

አውሮፕላን ወደ ቁሓ ሲያጎነብስ ከእንዳየሱስ ግቢ ቆሞ ያላየ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ይህን እያዩ «ከዚያ ላይ በጃንጥላ መዝለል ነበር!» የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ ምኞታቸውም የሚያስነቅፍ አይደለም። ሰው ሞተርም ክንፍም ሳይኖረው ከሰማይ ወርዶ በእግሩ የሚቆምበት ጥበብ ከተገኘ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጥበቡም የራሱ ሕግና ሥርዓት አለው። ነገር ግን የምናያቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችና የምናነባቸው መመሪያዎች አብዛኛዎቹ የተሠሩት ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ሜዳ ላይ ለሚያርፍ ሰው ነው። ቁሓ ደግሞ 2,250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተነሣበት ጥያቄ አንድ ነው፤ እዚያ የሚያድን ጃንጥላ እዚህም ያድናልን?

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ቋንቋችን ለዝናቡም፣ ለፀሐዩም፣ ለታቦቱም፣ ከአውሮፕላን ለሚዘለውም አንዱን «ጃንጥላ» የሚለውን ስም መስጠቱ ስንፍና አይደለም። ሥራው አንድ ነው፤ በጨርቅ አየርን መያዝ። በጥምቀት ቀን ድንገት ነፋስ ሲነሣ ያን በወርቅ ዘቦ ያጌጠ ትልቅ ጃንጥላ ይዞ የሚታገል ዲያቆን የአየር ኃይል ምን እንደሆነ ከፊዚክስ መምህሩ በፊት ያውቃል። ጨርቁ ዘንበል ሲል እንዴት ወደ ጎን እንደሚጎትት፣ ቀጥ ሲል እንዴት እንደሚረጋ በክንዱ ተምሮታል።

በአውሮፓም ትምህርቱ የተጀመረው ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ሌኖርማን እ.ኤ.አ. በ1783 በሞንፔሊዬ ከተማ ከፍ ካለ ግንብ ላይ ዘሎ በሰላም ወረደ። ሌላው ፈረንሳዊ ጋርንሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1797 በፓሪስ ላይ ከባሉን ተለይቶ 1,000 ሜትር ከሚያህል ከፍታ በጃንጥላ ወረደ። ጋርንሬን ሲወርድ እንደ ደወል ምላስ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር። ምክንያቱ በጃንጥላው አናት ላይ ቀዳዳ አለመኖሩ ነው። ጨርቁ የያዘው አየር መውጫ ሲያጣ በአንድ ጎን ጠርዝ እየፈነቀለ ያመልጣል፤ ጨርቁም ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል፤ ከዚያም ይመለሳል። በኋላ አናቱ ላይ ቀዳዳ ሲተውለት ውዝዋዜው ጋብ አለ። አየር ለመያዝ የተሠራ ነገር ደኅና የሚሆነው ጥቂቱን ሲለቅ መሆኑ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ያሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በጃንጥላ የሚወርድ ሰው ሁለት ኃይሎች ይሻሙበታል። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ በጨርቁ የተያዘው አየር ደግሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ እኩል በሆኑ ጊዜ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል፤ በዚያው በያዘው ፍጥነት እስከ መሬት ይወርዳል። አየሩ የሚይዝበትን ኃይል የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ የጨርቁ ስፋት፣ የጨርቁ ቅርጽ፣ የፍጥነቱ ስኩዌርና የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው ኪሎ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፋብሪካው ይወስናቸዋል። ሦስተኛው ራሱ የሌሎቹ ውጤት ነው። አራተኛውን ግን የሚወስነው አገሩ ነው። ፋብሪካ አየር አይሸጥም።

የቁሓ አየር ስስ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ድስት ይበቃል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ በቁሓ 92 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ይፈላል፤ ባቄላውም እሳት ላይ ብዙ ይቆያል። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 76 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። ግፊቱ ሲያንስ እፍግታውም ያንሳል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚታወቀው አየር፣ ማለትም በባሕር ወለል በ15 ዲግሪ ሙቀት ያለው፣ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ይመዝናል። በቁሓ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 0.905 ኪሎ ገደማ ነው። ከሩብ ጥቂት የሚበልጠው አየር ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው፤ ሒሳቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ነው። ስፋቱ 80 ሜትር ካሬ የሆነ ክብ ጃንጥላ እንውሰድ፤ ዘላዩ ከነትጥቁ 100 ኪሎ ይመዝን፤ የቅርጹን ቁጥር 0.75 እናድርገው። በመጽሐፉ አየር ይህ ሰው በሴኮንድ 5.2 ሜትር እየወረደ መሬት ይነካል። በቁሓ ከቀትር በኋላ ግን 6.0 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 16 በመቶ ነው፤ ሲሰሙት ብዙ አይመስልም። ነገር ግን አጥንት የሚሰብረው ፍጥነቱ ሳይሆን ጉልበቱ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያድጋል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ የሚቀበለው ጉልበት በ35 በመቶ ይጨምራል። በቀላል አነጋገር የመጀመሪያው ከ1 ሜትር ከ36 ሳንቲም ከፍታ እንደ መዝለል ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቦ እንደ መውረድ ማለት ነው። ሁለተኛው ከ1 ሜትር ከ84 ሳንቲም እንደ መዝለል ነው፤ ይህም ከቁመተ ረጅም ሰው አናት ላይ መውረድ ነው። የተጠራጠረ ወዳጅ ከሁለቱም ከፍታ ዘሎ ያመዛዝን፤ እኔ ግን ሁለተኛውን አልመክርም።

ይህ ሰው በቁሓም 5.2 ሜትር በሴኮንድ ለመውረድ ቢፈልግ የጨርቁ ስፋት 108 ሜትር ካሬ ገደማ መሆን አለበት። ሌላ መንገድ የለም፤ ወይ ጨርቁ ይሰፋል፣ ወይ ሸክሙ ይቀንሳል።

አንባቢ «ሙቀቱ ነው ወይስ ከፍታው ነው የሚበድለው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከጨው አገር እናገኘዋለን። ግመሎች አሞሌ ጭነው ወደ መቀሌ ይወጡበት የነበረው የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ፣ ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሆነ ቀን እንኳ በዚያ ያለው አየር በሜትር ኩብ 1.145 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያ የኛ ዘላይ፣ በዚያው ጃንጥላ፣ እዚያ 5.3 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀት የራሱን ድርሻ ቢወስድም ትልቁ በዳይ ከፍታው ነው። ግመሏ በጥቂት ቀናት የምትወጣው ዳገት ለጃንጥላ ሌላ ዓለም ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተቋቋመው የአየር ወለድ ጦር የሠለጠነው በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን በምሳሌ ያነሣነው ጃንጥላ በቢሾፍቱ 5.9 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል። የኛ አየር ወለዶች ከመጀመሪያው ጀምሮ የተማሩት በስስ አየር ነው ማለት ነው። ስለዚህም አወዳደቅን ከዝላይ በፊት መሬት ላይ መማር ለነርሱ ጌጥ አልነበረም።

አወዳደቁ እንዲህ ነው። ሁለቱ እግሮች ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፤ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል፤ አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፤ ክርኖች ወደ ውስጥ ይገባሉ። መሬት የሚነካው በቅድሚያ የእግር መዳፍ ነው፤ ቀጥሎ የባት ጎን፣ ከዚያ ጭን፣ ከዚያ ዳሌ፣ በመጨረሻም የጀርባው ጎን። ዘላዩ እንደ ተንከባለለ ግንድ ይገለበጣል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ጊዜ መግዛት ነው። ያው ጉልበት በአንድ ቅጽበት በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ከሚያርፍ ረዘም ባለ ጊዜ በአምስት የሰውነት ክፍሎች ይከፋፈላል። ቆሜ እቀበላለሁ የሚል፣ ወይም መሬቱ ሲቀርብ ፈርቶ እጁን የሚዘረጋ፣ የእጁን አንጓ ይሰብራል። የቁሓ ሆስፒታል የታወቀው በዓይን ሕክምና ነው፤ የተሰበረ እግር ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ ዓይደር መውረድ ሳይኖርበት አይቀርም።

ስለ ከፍተኛው አገርና ስለ ጃንጥላ ሲነሣ በ1977 ዓ.ም. የሆነውን መዝለል አይቻልም። በዚያ የረሃብ ዘመን የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የሚባሉት አውሮፕላኖች እህል ይዘው መቀሌን በመሳሰሉ ሜዳዎች ያርፉ ነበር። ከጥር ወር (እ.ኤ.አ. 1985) ጀምሮ ግን ማረፊያ በሌለባቸው ደጋዎች እህሉን ከአየር መጣል ጀመሩ። የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖችም በዚሁ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ብዙዎቻችን እህሉ በጃንጥላ የወረደ ይመስለናል፤ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ እየበረረ ጆንያዎቹን እንዲያው ይለቃቸው ነበር። ጆንያው ሲፈነዳ እህሉ እንዳይበተን በሌላ ጆንያ ውስጥ ደርበው ያሽጉታል።

ለምን ጃንጥላ አልተጠቀሙም? ሒሳቡ ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ጭነት ጨርቅ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጨርቁን ከየገደሉ ሰብስቦ መመለስም ሌላ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ጃንጥላ በነፋስ ይሄዳል። በደጋ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ወዲያ ማለት ብዙ ጊዜ ከገደሉ ማዶ ማለት ነው። ከ15 ሜትር የሚወድቅ ጆንያ ወደ ታች ያለው ፍጥነት ብቻ 17 ሜትር በሴኮንድ ሆኖ መሬት ይመታል፤ በዚያ ላይ የአውሮፕላኑ ፍጥነት አለ። ስንዴ ይህን ይችለዋል። ይህ ታሪክ የሚያሳየን ጃንጥላ ለማንኛውም ነገር መፍትሔ አለመሆኑን ነው። ጨርቁ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያዘገየው ሰዓት ግን ሁሉ ለነፋስ የተሰጠ ሰዓት ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ክቡ ጃንጥላ ነው። ለስፖርት የሚዘሉት ሰዎች ዛሬ የሚይዙት ግን ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶሚና ጃልበርት የሚባል በካይት ሥራ የታወቀ ሰው ከፊቱ ክፍት ሆኖ ከኋላው የተዘጋ፣ በውስጡም እንደ ማር እንጀራ በክፍል በክፍል የተከፈለ ጨርቅ ይዞ ለፈጠራ መብት አመለከተ። ነፋስ ከፊት ሲገባበት ይሞላና የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛል። እንግዲህ ይህ ጃንጥላ እንደ ክቡ አየርን ተደግፎ የሚወርድ ሳይሆን እየበረረ የሚወርድ ነው። ወደ ፊት ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ሦስት ሜትር ሲሄድ አንድ ሜትር ይወርዳል። በግራና በቀኝ የፍሬን እጀታ አለው፤ አንዱን የሳበ ይዞራል፤ መሬት ሲቃረብ ሁለቱንም እኩል የሳበ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይገድልና እንደ እርግብ ረገጥ ይላል። ትርኢት ላይ አይተን የምንገረመው ይህን ነው።

ለክንፍ መሰሉ ጃንጥላ ዋናው ቁጥር በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ጨርቅ ላይ የሚንጠለጠለው ኪሎ ነው። ከነትጥቁ 92 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ 18.6 ሜትር ካሬ የሆነ ጨርቅ ቢይዝ ለአንድ ሜትር ካሬ 5 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። በዝቅተኛ አገር ይህ ለጀማሪ እንደ ጣሪያ የሚቆጠር ልክ ነው። ይህንኑ ጃንጥላ ወደ ቁሓ አምጡት። ጨርቁ ያው ነው፤ ሰውየውም ያው ነው። የጃንጥላው ጠባይ ግን በባሕር ወለል ለአንድ ሜትር ካሬ 6.7 ኪሎ እንደ ተጫነበት ጃንጥላ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በዝቅተኛ አገር ብዙ መቶ ጊዜ ለዘለለ ሰው እንጂ ለጀማሪ የማይሰጥ ነው። ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት እዚያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከነበረ እዚህ 46 ይሆናል። ሲዞር የሚያጣው ከፍታ ይበዛል። ፍሬኑን የሚስብበት ቅጽበትም ዓይኑ ከለመደው ቀድሞ ይደርሳል። እንደ ቀድሞው ለመብረር 25 ሜትር ካሬ ገደማ የሆነ ጨርቅ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። ብዙ ሰው ጃንጥላ የሚገድለው ሳይከፈት ሲቀር ይመስለዋል። ዛሬ በስፖርቱ ከሚደርሰው የሞት አደጋ ብዙው የሚደርሰው ግን በሚገባ ተከፍቶ በሚበር ጃንጥላ ሥር፣ በማረፊያው ሰዓት ነው። ዘላዩ መሬት አጠገብ ደርሶ ዛፍ ወይም ሰው ለማምለጥ፣ ወይም ነፋሱን ፊት ለፊት ለመያዝ ሲል አንዱን እጀታ በኃይል ይስባል፤ ጃንጥላው ይዞራል፤ በዙሩም አፍንጫውን ይደፋል፤ እንደገና ቀና ለማለት ከፍታ ያስፈልገዋል፤ ከፍታው ግን የለም። በስስ አየር ያ የሚያስፈልገው ከፍታ ይረዝማል። ስለዚህ በዝቅተኛ አገር የተማረ ሰው «ከዚህ በታች አልዞርም» ብሎ የወሰነውን ልክ ለቁሓ ከፍ ማድረግ አለበት። ነፋስን ፊት ለፊት ማረፍ መልካም ነው፤ ከነፋስ ጋር ቀጥ ብሎ ማረፍና መንከባለልም መሬት አጠገብ ከመዞር ይሻላል።

ስለ አከፋፈቱ ባጭሩ። ትንሿ መሪ ጃንጥላ ነፋስ ትይዝና ዋናውን ጨርቅ ከቦርሳው ትጎትተዋለች። ጨርቁ ባንድ ጊዜ ቢፈነዳ የሰውየውን አንገት ስለሚጎዳ በገመዶቹ ላይ የምትንሸራተት አራት ማዕዘን ጨርቅ አለች፤ እርሷ እየወረደች አከፋፈቱን ታዘገያለች። በከፍተኛ አገር ሰው የሚወድቅበት ፍጥነት ስለሚበልጥ ንጥቅታውም ይበረታል፤ ስለዚህ አስተጣጠፉ በሚገባ በተማረ ሰው እጅ ይሁን። በስፖርቱ ደንብ ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ ጃንጥላ ሳይያዝ አይዘለልም። መጠባበቂያውም ጨርቅ ነው፤ የቁሓ አየር ለርሱም ያው ስስ ነው። ዋናውን ለከፍታው አስፍቶ መጠባበቂያውን በትንሹ የተወ ሰው ግማሹን ብቻ አስቧል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በጨርቁ አይደለም፤ በቁጥሩ ነው። ዘላይ በእጁ ላይ ከፍታ መለኪያ ያስራል። መሣሪያው የሚለካው ከፍታን ሳይሆን የአየር ግፊትን ነው፤ ዜሮው የት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ቁሓ ላይ የሚዘል ሰው አለ እንበል። መለኪያውን ቢሾፍቱ ላይ ዜሮ አድርጎት ከተሳፈረ መሣሪያው የቁሓን መሬት «350 ሜትር» ብሎ ያነበዋል። ይህ ሰው 900 ሜትር ላይ ልክፈት ብሎ 900 ሲያይ እጀታውን ቢስብ በእውነቱ ያለው 550 ሜትር ላይ ነው። ዋናው ጃንጥላ ተጠላልፎ ቢከፈት ያን ጥሎ መጠባበቂያውን ለመክፈት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ሴኮንዶች ናቸው።

ይባስ ብሎ ሰው ራሱን ስቶ ወይም ደንግጦ ሳይከፍት ሲቀር መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሳይፕረስ የሚባለው ዓይነት በጣም ተስፋፍቷል፤ የብዙ ሰዎችንም ሕይወት አድኗል። ዘላዩ በሴኮንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወደቀ ከመሬት 225 ሜትር ያህል ሲደርስ መጠባበቂያውን ይከፍታል። «መሬት» ብሎ የሚቆጥረው ግን የተከፈተበትን ቦታ ነው፤ ማረፊያው ሌላ ከሆነ ልዩነቱን አስቀድሞ የሚሞላለት ሰው ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ ልዩነቱ ያልተሞላለት መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል 2,125 ሜትር ላይ ነው። የቁሓ መሬት 2,250 ላይ ነው። መሣሪያው ከመሬት በታች 125 ሜትር ገብቶ ሊከፍት ይጠብቃል ማለት ነው! ከአዲስ አበባ ቦሌ ለተነሣ ሰው ስሕተቱ ወደ ደኅናው ጎን ያዘነብላል፤ ቦሌ ከቁሓ ትንሽ ከፍ ስለሚል። እንዲህ ዓይነቱ ዕድል ግን ሥርዓት አይባልም።

ከፍታው ሌላም ነገር ይቀማል። በአሜሪካ የበረራ ደንብ አውሮፕላን ከ4,570 ሜትር በላይ ሲወጣ ለተሳፋሪው ሁሉ ኦክስጅን መቅረብ አለበት። ኦክስጅን ሳይዝ 4,500 ሜትር ላይ የሚዘል ሰው በባሕር ዳርቻ አገር ቢሆን ጃንጥላውን 1,200 ሜትር ላይ እስኪከፍት አንድ ደቂቃ ያህል ይወድቃል። በቁሓ ግን ከዚያው 4,500 ግማሹን ተራራው አስቀድሞ ወስዶታል፤ የሚቀረው የመውደቂያ ጊዜ 22 ሴኮንድ ገደማ ነው። በተንቀሳቃሽ ሥዕል የምናየው በአየር ላይ እጅ ለእጅ መያያዝና መሽከርከር በቁሓ ሰማይ አይሞላም፤ ያን ሲያደርግ ሰዓቱን የረሳ ጀማሪ አደጋ ላይ ነው።

ቀሪው ነፋስ ነው። አሸጎዳ ላይ በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) 84 ተርባይን ያለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተመረቀው በዚህ አካባቢ ነፋስ ስላለ ነው። ለመሐንዲሱ ደስ ያለው ነገር ለዘላዩ ሥጋት ነው። (ተርባይኑም ቢሆን ከስስ አየር አያመልጥም፤ ነፋሱ እኩል ቢሆን እንኳ በባሕር ዳርቻ የሚሰጠውን ያህል ኃይል በዚህ ከፍታ አይሰጥም።) ክቡን ጃንጥላ 600 ሜትር ላይ የከፈተ የኛ ዘላይ መሬት ለመድረስ 100 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ነፋሱ 7 ሜትር በሴኮንድ ከሆነ 700 ሜትር ወደ ጎን ይወስደዋል። ሲያርፍም 6 ወደ ታች፣ 7 ወደ ጎን፣ ተደምረው 9.2 ሜትር በሴኮንድ ይሆናሉ፤ ይህ ከ4 ሜትር ከ30 ሳንቲም፣ ከቤት ጣራ ላይ እንደ መዝለል ነው። የቁሓ ሜዳ ደግሞ እንደ ምንጣፍ አይደለም። ድንጋይ አለው፤ የእርሻ ካብ አለው፤ በለስም አለው። በክረምት ፍሬውን በደስታ የምንበላው በለስ በጃንጥላ ለሚመጣ እንግዳ ደግ አይደለም። ከወደቁ በኋላም ነፋሱ ጨርቁን እንደ ሸራ ነፍቶ ሰውየውን ስለሚጎትተው ተነሥቶ ወደ ጨርቁ ጀርባ መሮጥ፣ ወይም አንዱን ገመድ ስቦ አየሩን ማስተንፈስ ግድ ነው።

ስለዚህ የጧቱ ሰዓት ይመረጣል፤ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት። አንዳንዶች ጧት የሚመረጠው አየሩ ስለሚቀዘቅዝና ስለሚወፍር ይመስላቸዋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲሆን የኛ ሰው 5.9 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላ ካለው 6.0 ያተረፈው አንድ አሥረኛ ሜትር ብቻ ነው። የጧት ጥቅም ጸጥታው ነው፤ መሬቱ ስላልጋለ አቧራ የሚያሽከረክረው አዙሪት ገና አልተነሣም። ለጀማሪ የክንፍ መሰሉ ጃንጥላ የነፋስ ልክ በአንዳንድ ማኅበራት ደንብ 6.3 ሜትር በሴኮንድ ገደማ ነው፤ በስስ አየር ማረፊያው የሚፈጥን ስለሆነ በቁሓ ከዚህም ዝቅ ማድረግ አይጎዳም።

ሜዳው የመንገደኛ አውሮፕላን መውረጃ አጠገብ ነውና የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድና ከማማው ጋር የሬዲዮ ግንኙነት ሳይኖር የሚታሰብ ነገር የለም። ማኅበር እናቋቁም የሚሉ ጓደኞች ከፍታ መለኪያና ጨርቅ ከመፈለጋቸው በፊት የሚገዙትን ጃንጥላ ሠንጠረዥ አውጥተው ቁጥሮቹ ለየትኛው አየር እንደ ተጻፉ ይጠይቁ። ሻጩ የማረፊያውን ከፍታ ሳይጠይቃቸው ስፋት ከመረጠላቸው ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።